«ብቻሽን ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

ወዳጆቼ፣ ልጆቼ፣ ይኼ ጽሑፍ ይረዝማል። ሻይ ያዙና ተቀመጡ።

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ለጥፋ ነበር። ጣና ዳር የተተከለች አንዲት ድንኳን፣ በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደች ጣሳ፣ ከዳር የተሳበች የደንገል ታንኳ። «ሁለት ሌሊት፣ ብቻዬን» ብላ ጻፈችበት፤ በቃ። ከሥሩ የመጣውን አስተያየት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብሁት። ግማሹ «ብቻሽን ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ይላል። ግማሹ «የፈረንጅ በሽታ» ይላል። አንዱ ደግሞ፣ እኔው ጂኦግራፊ ያስተማርሁት ልጅ፣ «ሕዝቡ የሚበላው አጥቶ አንቺ ጫካ ትዝናኛለሽ» ብሎ ፈረደባት። ለራሷ መመለስ የሷ ፋንታ ነው፤ ደግሞ ከኔ የበለጠ አፍ አላት። እኔ የምመልሰው ለናንተ ነው።

መጀመሪያ «የፈረንጅ» የምትለዋን እናንሣ። ጉንደ ወይን ላይ ቆማችሁ ይችን ቃል ስትናገሩ ትንሽ አታፍሩም? በአንድ በኩል ጮቄ፣ በሌላው የዓባይ በረሃ፤ ዙሪያችሁን ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ዲማ ጊዮርጊስ። እነዚያን ጉባኤ ቤቶች ማን ነበር የሞላቸው? ጢም ሳያበቅል ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ከናት ከአባቱ ቤት የወጣ ልጅ ነው። የጎጃሙ ለድጓ ወደ ጎንደር፣ የወሎው ለቅኔ ወደ ጎጃም። መንገዱን በእግሩ፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን። የመሸበት ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ «ቤት የእግዜር ነው» ካሉት ይገባል፣ ካላሉት ዛፍ ሥር ያድራል። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲማ ድረስ የሄዱት በሚኒባስ አልነበረም።

«ቲቸር፣ እሱኮ ችግር ነው፤ ምርጫ አይደለም» ትሉኛላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። የቆሎ ተማሪው በውሻ ተነክሷል፣ በወባ ተንቀጥቅጧል፣ ተርቧል። ያንን ኑሮ አላሞግስም። ነገር ግን ያ ልጅ ዛሬ እናንተ የሌላችሁ ነገር ነበረው፤ አገሩን በእግሩ ያውቃል። የትኛው ወንዝ በክረምት እንደሚያሻግርና እንደማያሻግር፣ ብርዱ በየትኛው ቁልቁለት እንደሚከብድ፣ ጅብ በየት እንደሚወጣ ያውቃል። ባሕታዊውንስ ምን ልትሉት ነው? እሱ ተቸግሮ አይደለም ዋሻ የገባው፤ ፈልጎ ነው። «ብቻህን ምን ልትሠራ?» ብሎ የጠየቀው የለም፤ እጁን ይሳለሙታል እንጂ።

ፈረንጁ ራሱ ደግሞ እንደምታስቡት ብቻውን አይሄድም። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የዓባይን ዳርቻና የጣናን ደሴቶች ሲያጠና በበቅሎና በአጃቢ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1968 ብላሽፎርድ ስኔል የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን ዓባይን በጎማ ጀልባ ሊወርድ ሲመጣ ያስከተለው ሠራዊት ነው ማለት ይቻላል፤ ያም ሆኖ ከጓዶቹ አንዱን ውኃ ወስዶበታል። ብቻውን የወረደ ከጠየቃችሁኝ አርነ ሩቢን የሚባል ስዊድናዊ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ከሸፈርታክ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ሱዳን በትንሽ ጀልባ። እሱንም የገዛ አገሩ ሰዎች ሳይገረሙበት አይቀሩም። ብቻ መሆን የዘር ጉዳይ አይደለም።

ታንኳው ግን የኛ ነው። ይኼን ጉዳይ ላስረዝመው፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ በአግባቡ አላስተማርናችሁም፤ የመማሪያ መጽሐፉ አንድ መስመር ብቻ ነበረው።

ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን በሣር ጀልባ እሻገራለሁ ብሎ ተነሣ። የጥንት ሰው ይችል እንደነበር ሊያሳይ። ደንገሉን ከየት አመጣ? ከጣና። ተቆርጦ፣ ታስሮ፣ ተጭኖ ግብፅ ሄደ፤ እዚያ «ራ» የተባለችው ጀልባ ተሠራች። ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ከሞሮኮ ተነሥታ አብዛኛውን ውቅያኖስ ካቋረጠች በኋላ ተበታተነች። በዓመቱ ሁለተኛዋ የደንገል ጀልባ፣ «ራ 2»፣ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። እንግዲህ አስቡት፦ ዓለም የጣናን ሣር አትላንቲክ ላይ ሲፈትነው፣ እኛ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ስናይ «ድሀ» እንላለን።

ያን ታንኳ የሚሠሩት ደግሞ እነማን ናቸው? በዋናነት ነገደ ወይጦ። የሐይቁ ነባር ሰዎች። ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ስንት ዘመን አብሯቸው የሚበላ ጠፋ፣ ስማቸው ስድብ ሆነ። ዛሬ ደንገሉ ራሱ እየጠፋባቸው ነው። ሐይቁ ሲሸሽ ባሕር ሸሹ መሬት ይታረሳል፣ ደንገሉ ይመነጠራል፤ ጨረ ጨራ ላይ ከ1988 ዓ.ም ጀምሮ ውኃው በግድብ ነው የሚለቀቀው፤ ከ2004 ዓ.ም ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጩ መጣ። በየዓመቱ ገበሬው ሆዱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል፤ ከንፈር መጥጠን አልፈናል። ታንኳ ሠሪው ደንገል ፍለጋ ከዱሮው ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ታንኳ ደግሞ እንደ ጣውላ ጀልባ ዕድሜ የለውም፤ ውኃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጥቂት ወራት ቢያገለግል ነው። ስለዚህ ደንገሉ ከሌለ በአንድ ዓመት ውስጥ ሙያው ሙዚየም ገባ ማለት ነው። በባሕር ዳር የእጅ ሥራ ሱቅ የምታዩት ክንድ የማታህል ታንኳ የዚያ መጀመሪያ ነው።

አሁን ወደዚያ ተማሪዬ ልምጣ። «ሕዝቡ የሚበላው አጥቶ» ያልኸው ልጅ፣ እስቲ አብረን እንቁጠር። ልጅቱ ታንኳ ከነቀዛፊው የተከራየችው ከማን ነው? ዓሣውን የገዛችው ከማን ነው? ዳቦውንና እንጨቱን? ብሩ በዚያው ቀን በዚያው መንደር ገባ። አንተ ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ለሠርግ ሄደህ ያረፍህበት ሆቴል የበላኸው ዓሣ ዋጋ ለአጥማጁ ስንቱ ደረሰው? አልነቅፍህም፤ ግን የድሀ ጠበቃ ሆነህ ስትመጣብን ሂሳቡን ይዘህ ና።

ደግሞ ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። ወረቀቱ አለ። አንድ ልጅ ድንኳኑን ይዞ ቢመጣ «እዚህ እደር፣ ሽንት ቤቱ ያ ነው፣ ውኃው ይኼ ነው፣ ታንኳ ከነእገሌ ተከራይ» የሚለው ሰው ግን ማን ነው? ዳርቻው በየዓመቱ ይታጠራል። ሆቴል፣ ሎጅ፣ ሪዞርት። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር የተጀመረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይሠራ፣ አልቃወምም፤ እንግዳ ይምጣ፣ ልጆቻችን ይቀጠሩ። እኔን የሚያንገበግበኝ ለአንድ ሌሊት የወር ደመወዝ መክፈል የማይችል የመንግሥት አስተማሪ፣ የጉንደ ወይን ተማሪ፣ የሞጣ ነርስ የራሱን ሐይቅ ዳር ረግጦ የሚያድርበት ሁለት ሜትር መሬት ማጣቱ ነው። ልጅቱ ያደረገችውን «ቅንጦት» የምትሉ ሰዎች፣ ቅንጦት የሚሆነው በዚህ በኩል ብቻ ሲቀርላችሁ ነው!

ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ላይ ቢያንስ ሥርዓት አለ። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ድንኳን መትከያ ቦታዎች ናቸው፤ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይዘህ ትገባለህ። «እንግዲያ ብቻ አይደለም» ትሉ ይሆናል፤ ይሁን፣ ስካውቱም እንጀራ ይበላል። ከስሜን የማልወስደው ግን አለ። ግጭ መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ነዋሪዎቹ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ፓርኩ በሚቀጥለው ዓመት ከአደጋ መዝገብ ወጣ፤ የዱር አራዊቱ ዕረፍት አገኘ፤ ጥሩ። ሆኖም ጣና ላይ «ሰው የሌለበት ዱር» የሚባል ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ካለ ከአሁኑ ልንገረው፦ የለም። ደቅ ላይ ገበሬ አለ፣ ዘጌ ላይ ቡና ለቃሚ አለ፣ ከሠላሳ በላይ በሆኑት ደሴቶች ብዙዎቹ ላይ መነኩሴ አለ። ሴት የማይገባባቸው ገዳማት አሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ፤ ታንኳህን ስታዞር ይኼንም ማወቅ ነው። ጣና ላይ ብቻህን መሆን ማለት በሰው አገር ውስጥ ዝም ብለህ ማለፍ ማለት ነው። ልጅቱ መንደሩን ጠይቃ፣ ሽማግሌ አስፈቅዳ ነው ያደረችው፤ እሱን ጽፋዋለች፣ እናንተ አላነበባችሁትም።

«አደጋ አለው» ለሚለው ክርክር የለኝም፤ አለው። ግን አደጋው እናንተ ያላችሁት አይደለም። ጅብ፣ ሰይጣን፣ ዛር ስትሉ ነበር። ጣና ላይ ሰው የሚገድለው መጀመሪያ ነፋስ ነው። ጧት እንደ መስተዋት የተኛው ውኃ ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ አጥማጁ ጎሕ ሳይቀድ የሚወጣው ስለዚህ ነው። ቀጥሎ ጉማሬ። ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ የሚወጣበት መንገድ አለው፤ ድንኳንህን እዚያ መንገድ ላይ ከተከልህ ጥፋቱ የጉማሬው አይደለም። ወባ አለ፣ አጎበር ይዞ መሄድ ነው። ዳር ዳሩን ዋናና እግር መታጠብ ቢልሃርዝያ ያመጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዋና አለመቻላችን ነው። ትልቁ ሐይቃችን ደጅ ላይ ተቀምጠን ስንቱ ተማሪ ዋና ይችላል? በአርባ ሰው መካከል ሞተር ጀልባ ላይ ያለ ላይፍ ጃኬት ስትጨፍሩ «አደጋ» አላላችሁም፤ ብዛት የሚያንሳፍፍ ይመስል!

እሱን ካነሣሁ አይቀር፣ በየሳምንቱ «ሃይኪንግ» የሚባለው ነገር። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ስፒከር ተሸክሞ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ተራራውን በጩኸት የሚያናጋው። የውኃ ፕላስቲኩን እዚያው ጥሎ የሚመለሰው። ከዚህ ሁሉ ግርግር አንዲት ዝም ያለች ልጅ ናት ያስቆጣቻችሁ?

አዎ፣ እሷ ናት ያስቆጣቻችሁ። ምክንያቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ወንድ ቢሆን «ጀግና» ባላችሁ ነበር። ባለፈው አንዱ ጮቄ ላይ ብቻውን አድሮ ሲለጥፍ ከሥሩ እሳትና ጡንቻ ነበር የደረደራችሁለት፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ ስሞቹ የናንተው ናቸው። ለሷ ሲሆን «ከማን ጋር ነበርሽ?» ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሴት ልጆችን አስተምሬያለሁ። ከገጠር ቀበሌ ተነሥተው በየሳምንቱ እሑድ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በጭቃ፣ በገደል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግራቸው ጉንደ ወይን የሚገቡት ማን ነበሩ? ብቻቸውን። ያኔ «ብቻሽን ምን ልትሠሪ?» ያላቸው አልነበረም፤ ምክንያቱም እንጨቱም ውኃውም ትምህርቱም ግዴታ ነበር። ሴት ልጅ ተጭና ብቻዋን ስትሄድ ያየ ሁሉ ዝም ይላል። ሳትጫን፣ ስለፈለገች ብቻ የሄደች ዕለት ነው አገሩ የሚጮኸው። በመንገድ የሚደርስባቸውን ነገርማ አስተማሪ የነበረ ያውቀዋል፤ መፍትሔው ግን እሷን ቤት መዝጋት ከሆነ፣ ያ የጠለፋ ዘመን ፍርድ ነው። ጥፋተኛው በመንገድ፣ ታሳሪዋ በቤት።

ጊዜው አሁን አይደለም የምትሉ፣ በዚህ እስማማለሁ። ዛሬ ሰው ሞጣ ለመሄድ እንኳ ደውሎ መንገድ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ማንንም ነገ ድንኳን ይዘህ ውጣ አላልሁም፤ እንዳትወጡም። ግን ሰላም የመጣ ዕለት ዳርቻው በማን እጅ እንደሚገኝ የሚወሰነው ዛሬ፣ እኛ ከንፈር ስንመጥ ነው። አጥር ለማጠር ሰላም የሚጠብቅ የለም።

የምጠይቀው ደግሞ ብዙ አይደለም። በሐይቁ ዙሪያ በየቀበሌው አንዳንድ የድንኳን ቦታ፣ ገቢው ለቀበሌው። ደንገሉ የሚቆረጥበትና የሚያርፍበት የተከለለ ዳርቻ፣ ጠባቂዎቹ ታንኳ ሠሪዎቹ ራሳቸው ሆነው። ባሕር ዳር ላሉ ልጆች ዋና። ይኼን ለማድረግ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም።

ባሕር ዳርና ዘጌ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ አሁን ከየትኛው ዳርቻ ደንገል እንደሚቆረጥና ያለ ክፍያ የሚገባበት የውኃ ዳር የት የት እንደቀረ ከሥር ጻፉልኝ፤ አንድ ላይ አድርጌ እለጥፈዋለሁ። «ከማን ጋር ነበረች?» የሚል አስተያየት ግን አጠፋለሁ፣ ሰውየውንም ከገጼ አስወጣለሁ፤ የክፍል አለቃ የነበረም ቢሆን።