ከክፍል ውጭ ያለው ሰዓት የሕግ ከለላ ይሻል

እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1980 በዙሪክ ኦፔራ ቤት ደጃፍ ረብሻ ተነሣ። ከተማዪቱ ለኦፔራ ቤቱ ማደሻ 60 ሚሊዮን ፍራንክ ገደማ ልትመድብ ስትሰናዳ፣ ወጣቶች ለዓመታት የጠየቁት በራሳቸው የሚተዳደር ማዕከል ግን ተነፍጓቸው ነበር። ግጭቱ እየበረደና እያገረሸ እስከ 1982 ዘለቀ፤ በመሐሉ ተፈቅዶ የተከፈተው ማዕከልም በዚያው ዓመት ፈረሰ። በሐይቁ ዳርቻ ያለው አሮጌ ፋብሪካ፣ «ሮተ ፋብሪክ»፣ ግን በ1980 የባህል ማዕከል ሆኖ ተከፍቶ ዛሬም ይሠራል።

ወጣቱ ከክፍል ሲወጣ የሚሄድበት ቦታ የቅንጦት ወጪ ተደርጎ ሊቆረጥ አይገባም። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ታናናሾቿን ይዛ የሁለት ቀን ጉዞ ስታሰናዳ ገንዘብ ትቆጥራለች፣ ጠብ ታበርዳለች፣ ዝናብ ሲመጣ ዕቅዷን ትለውጣለች፤ ብትሳሳትም ስሕተቷ በውጤት ካርድ ላይ አይሰፍርም። ይህን የሚተካ የክፍል ፈተና የለም።

ስዊዘርላንድ ይህንን ቀስ በቀስ በሕግ አጽንታለች። በ1972 የተጀመረው «ወጣትና ስፖርት» የተሰኘ የፌዴራል መርሐ ግብር፣ ወንዶችን ብቻ ለውትድርና ያሰናዳ የነበረውን የአካል ማጎልመሻ ተክቶ ልጃገረዶችንም አካተተ፤ ድጎማውንም ከሠለጠነ መሪ ጋር አስተሳሰረ። በጄኔቫ የሰፈር ቤቶችን የሚያስተዳድሩት የነዋሪዎች ማኅበራት ሲሆኑ፣ ባለሙያዎቹን የሚቀጥረው በካንቶኑ ሕግ የተቋቋመ ፋውንዴሽን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው የአገሪቱ የግዴታዎች ሕግ አንቀጽ 329ሠ ነው። ከ30 ዓመት በታች የሆነ ተቀጣሪ ወጣቶችን በበጎ ፈቃድ ለመምራት በዓመት አንድ የሥራ ሳምንት ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ድንጋጌው እንከን አያጣም፤ ፈቃዱ ያለ ደመወዝ በመሆኑ የሳምንት ገቢ ማጣት የማይችል ወጣት አይጠቀምበትም።

የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ የሚሰበሰበው በዚያችው በጄኔቫ ነው። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 31 የዕረፍት፣ የጨዋታና በባህል ሕይወት የመሳተፍ መብትን ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1991፣ ስዊዘርላንድ ደግሞ በ1997 ነበር፤ በመቀበል የቀደመችው ኢትዮጵያ ናት! በትምህርት ቤቶቿም ክበባትና ሚኒ ሚዲያ አሉ፤ ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ ተጠሪው መምህር ሙሉ የማስተማር ሸክሙን እንደያዘ በትርፍ ሰዓቱ የሚያንቀሳቅሳቸው ናቸው። ስለዚህ የምክር ቤት ባለሙያዎች በቀጣዩ ረቂቅ ሁለት ነገር ሊያስገቡ ይገባል፦ የክበብ ተጠሪው ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ ይቆጠር፤ ወጣቶችን በበጎ ፈቃድ ለሚመራ ተቀጣሪም፣ ከስዊዘርላንዱ በተሻለ፣ ደመወዝ ያለው የአምስት ቀን ፈቃድ ይሰጠው።