“ነጻ” መተግበሪያዎች የሚያስከፍሉት የማይታይ ዋጋ

ዋትስአፕን የመሠረቱት ሁለቱ ባለሙያዎች ማስታወቂያን አጥብቀው የሚቃወሙ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2012 ማስታወቂያ የማይሸጡበትን ምክንያት ለተጠቃሚዎቻቸው በይፋ ጽፈዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው ለፌስቡክ ተሸጠ። በሰኔ 2025 ደግሞ የዛሬው ባለቤት ሜታ ስቴተስ እና ቻናሎች በሚገኙበት ገጽ ላይ ማስታወቂያ ማሳየት እንደሚጀምር አስታወቀ። የግል መልዕክቶች ወዳሉበት ገጽ ግን ማስታወቂያ እንደማይገባ ኩባንያው ገልጿል።

ይህ ድንበር በነጻ የሚጫኑ መተግበሪያዎች ሁሉ የሚመልሱትን ጥያቄ ያሳያል፦ ተጠቃሚው እስከ የት ይታገሣል? በአፍሪካ ቀንድ እና በምሥራቅ አፍሪካ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። እዚህ ብዙ ሰው ማስታወቂያውን የሚያየው በሜጋባይት ቆጥሮ በገዛው ዳታ ነውና።

የሚታይ እና የማይታይ ክፍያ

የአካባቢው ተጠቃሚ በቀጥታ ክፈል ሲባል ምን እንደሚያደርግ ኡጋንዳ ውስጥ ታይቷል። መንግሥት በሐምሌ 2018 ዋትስአፕን እና ፌስቡክን በመሰሉ መድረኮች ተጠቃሚዎች ላይ በቀን 200 ሺልንግ ግብር ጣለ። ብዙዎች ግብሩን ላለመክፈል ወደ ቪፒኤን ዞሩ። ግብሩ በ2021 ቀርቶ በኢንተርኔት ዳታ ላይ በተጣለ የ12 በመቶ ግብር ተተካ። 200 ሺልንግ ትንሽ ገንዘብ ቢመስልም በየዕለቱ ከኪስ ሲወጣ የሚታይ ነበር።

የማስታወቂያ ዋጋ ግን እንዲህ በግልጽ አይታይም። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ በርካታ ሰዎች ኢንተርኔት የሚገዙት በዕለታዊ ወይም በሳምንታዊ ጥቅል ነው። በጨዋታ መሐል የሚከፈተው የቪዲዮ ማስታወቂያ ከዚያው ጥቅል ላይ ይቀንሳል። ባትሪም ይበላል። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ የ2012 ጥናት፣ በተፈተሹ ነጻ መተግበሪያዎች ውስጥ ከሚባክነው ኃይል ከ65 እስከ 75 በመቶ የሚሆነው ለማስታወቂያ ሥራ እንደሚውል አመልክቶ ነበር። ስልኮች ከዚያ ወዲህ ቢሻሻሉም መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የባትሪ ጉዳይ ዛሬም ቀላል አይደለም።

ትዕግሥት የሚያልቅበት ቦታ

ተጠቃሚዎች በጥቅሉ የሚጠሉት ማስታወቂያን ሳይሆን ሳይጠየቁ የሚጫንባቸውን ነው። ጉግል ከመስከረም 2022 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ሳይታሰብ ብቅ ብለው መላውን ስክሪን የሚሸፍኑ እና ከ15 ሰከንድ በኋላ መዝጋት የማይቻሉ ማስታወቂያዎችን ከልክሏል። ተጠቃሚው ፈቅዶ፣ በምላሹም በጨዋታው ውስጥ ጥቅም ለማግኘት የሚያያቸውን ግን አልነካም።

አፕል በ2021 መተግበሪያዎች የተጠቃሚን እንቅስቃሴ ከመከታተላቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ ሲያስገድድ ብዙዎች “አይሆንም” አሉ። ሜታ ለውጡ በ2022 ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ ሊያሳጣው እንደሚችል ተናግሮ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ጨርሶ የማይታየው ነው። በ2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ኩባንያ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገራት በሚሸጡ ቴክኖ ደብሊው 2 ስልኮች ላይ አስቀድሞ የተጫነ ጎጂ ሶፍትዌር ማግኘቱን ገለጸ። ሶፍትዌሩ ባለቤቶቹ ሳያውቁ በክፍያ አገልግሎቶች ላይ ለመመዝገብ ይሞክር ነበር። የስልኩ አምራች ትራንሽን ችግሩን ያመጣው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሌላ አካል እንደሆነ በመግለጽ፣ መፍትሔ መስጠቱን አስታውቆ ነበር።

ለምን በዛ?

የሞባይል ማስታወቂያ ቦታ በአብዛኛው በጨረታ የሚሸጥ ሲሆን ዋጋውም ተመልካቹ ባለበት አገር ይወሰናል። ስለዚህ አንድን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ወይም የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ዋሽንግተን ሆኖ የሚከፍት ሰው፣ ባሕር ዳር ካለው ተጠቃሚ የተሻለ ገቢ ያስገኛል። አገር ቤት ላለው ተጠቃሚ የሚሠራ ባለሙያ ያንኑ ገቢ ለማግኘት ማስታወቂያ ለመደጋገም ይገደዳል። በዚህም የተነሣ ዳታ ለመግዛት አቅሙ ያነሰው ሰው ብዙ ማስታወቂያ ሊያይ ይችላል።

ከፍሎ ከማስታወቂያ መገላገልም ለሁሉም አይቻልም። ለውጭ ክፍያ የሚያገለግል ካርድ በኢትዮጵያ የጥቂቶች ነው። በሞባይል ገንዘብ ጥቂት ብር ከፍሎ ማስታወቂያ ማስቀረት ቢለመድ ለሠሪውም ለተጠቃሚውም በበጀ።

ቀለል ያለ አማራጭም አለ። በኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራበት ቴሌግራም በ2021 ማስታወቂያ ሲጀምር ከ160 ፊደላት ያልበለጠ ጽሑፍ፣ ያውም ቢያንስ 1,000 ተከታይ ባላቸው ይፋዊ ቻናሎች ላይ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር የሚፈጀው ዳታ እጅግ ጥቂት ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የገቢውን ግማሽ ለቻናል ባለቤቶች ማካፈል ጀምሯል።

ኬንያ እና ኡጋንዳ በ2019፣ ታንዛኒያ በ2022፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል። ሕጎቹ የሚያተኩሩት ስለ ተጠቃሚው በሚሰበሰበው መረጃ ላይ ነው። ማስታወቂያ የሚጨርሰው የዳታ ጥቅል ግን የግል መረጃ ስላልሆነ ጥበቃው አይደርሰውም፤ ሒሳቡን የሚከፍለውም እስካሁን ተጠቃሚው ነው።