«ሞተሩ ተቃጥሏል»

ሁለት ቃል ናት፤ ለመናገር አንድ ሰከንድ አትፈጅም። እኔ የተናገርኳት ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ የብረት ሥራ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ የሲኤንሲ ፍሬዛ ፊት ቆሜ ነው። ይህን የምጽፈው «ተቃጥሏል» ባዮችን ለመውቀስ ስለሆነ፣ አንደኛው ተከሳሽ እኔ መሆኔን ከወዲሁ እወቁልኝ።

የወርክሾፑ ባለቤት የአባቴ ወዳጅ ናቸው። «ማሽኑ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፣ አንተ ደግሞ የኮምፒውተር ሰው ነህ» ብለው ጠሩኝ። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ነው፣ የምኖረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው፤ ግን ሰው «ኢንጂነር» ብሎ ሲጠራህ ማን ያርማል? ሄድኩ። ጠረጴዛው ወደ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ሲሠራ ይቆይና ድንገት ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ የሰርቮ አላርም ይወጣል። አጥፍተው ሲያበሩት ይነሳል። ትንሽ ሠርቶ ደግሞ ይቆማል። ሞተሩን በእጄ ነካሁት፤ ይሞቃል። የአላርሙን ቁጥር ስልኬ ላይ ፈለግኩ፤ ከተደረደሩት ምክንያቶች የመጀመሪያው «ሞተር» ይላል። በቃ። ጠቅላላ ምርመራዬ ከሃያ ደቂቃ አልበለጠም፣ እሱም ቡና የጠጣሁበት ተጨምሮ ነው።

አመኑኝ። ሞተር ከውጭ ታዘዘ፣ ቅድመ ክፍያም ተከፈለ። ይህ የሆነው የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል። ማሽኑ ላይ የሚሠሩት ሁለት ልጆች ደግሞ የሚከፈላቸው በሠሩት ቁራጭ ልክ ነበር። ማሽኑ ሲቆም የእነሱም ገቢ ቆመ። አንደኛው ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያኔ አልጠየቅኩም።

እስቲ አላርሙ በእርግጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እኔ ያላነበብኩት እሱን ነው። የሰርቮ ሥርዓት ማለት ሠራተኛውን የማያምን አለቃ ማለት ነው። ኮንትሮለሩ «10 ሚሊሜትር ሂድ» ይላል። ድራይቩ ለሞተሩ ኃይል ይሰጣል። ከሞተሩ ጀርባ የተገጠመው ኢንኮደር ደግሞ «አሁን እዚህ ደርሻለሁ» እያለ በየቅጽበቱ ይዘግባል። በታዘዘውና በተዘገበው መካከል ያለው ልዩነት ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ኮንትሮለሩ ሁሉንም ነገር ያቆማል። አላርሙ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ ያዘዝኩትና የሰማሁት አልገጠመም። ለምን እንዳልገጠመ እሱም አያውቅም። ሞተሩ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ድራይቩ ኃይል አጥሮት፣ ወይም ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የጠረጴዛው መንሸራተቻ ዘይት አጥቶ ሊይዝ፣ የቦል ስክሩ ኩሽኔታ ሊበላ፣ ሞተሩን ከስክሩ ጋር የሚያያይዘው ማያያዣ ሊላላ ይችላል። ወይም ጠረጴዛው በታዘዘው ልክ ሄዶ፣ ወሬው ብቻ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ከዚህ ሁሉ መሃል አንዱን መርጬ ፈረድኩ፤ የመረጥኩትም ውዱን።

በሦስተኛው ሳምንት ሰው ያስታወሳቸው አንድ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሽያን መጡ። እኔም ነበርኩ፤ ለማየት ሳይሆን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ፍርዴን ለመከላከል።

«የት ላይ ነው የሚቆመው?» ብለው ጠየቁ። እኔን አይደለም፤ ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ልጅ ነው። ልጁ ሳያስብ መለሰ፦ «ሁልጊዜ ወደ ግራ ጫፍ ሲጠጋ ነው፣ ጋሼ።»

«ብረት ሲቆርጥ ነው ወይስ ባዶውንም?»

«ባዶውንም።»

ልጁ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። የተቃጠለ ሞተር ግራና ቀኝ አይመርጥም! ጥያቄው አምስት ቃል አይሞላም፤ ቴስተርም ዲግሪም አይፈልግም።

ከዚያ ማሽኑን ከዋናው አጥፍተው ቁጭ አሉ። እኔ ቸኩዬ የድራይቩን ክዳን ልከፍት ስል «ተው የኔ ልጅ፣ ገና አልሞተም» አሉኝ። 380 ቮልት ሲቀና ወደ 540 ቮልት ዲሲ ይሆናል፣ ካፓሲተሮቹም መብራት ከጠፋ በኋላ ይዘውት ይቆያሉ። አስር ደቂቃ ጠበቅን፤ ከዚያም ለክተው አረጋገጡ እንጂ ሰዓታቸውን አላመኑም። ስክሩን በእጅ አዞሩት፤ ከጫፍ ጫፍ እኩል ይሄዳል፣ ስለዚህ የያዘው ነገር የለም። የሞተሩን ገመድ ከድራይቩ ነቀሉ። የሦስቱን ፌዝ ሬዚስታንስ እርስ በርስ ለኩ፤ እኩል ነው። ከሞተሩ አካል ጋር ያለውን ኢንሱሌሽን በሜገር ለኩ፤ ጤነኛ ነው። (ሞተሩ ከድራይቩ ጋር እንደተያያዘ ሜገር የሚያስገባ ሰው ካለ፣ ደህና የነበረውን ድራይቭ ራሱ ገደለው ማለት ነው። እኔ ይህንንም አላውቅም ነበር።)

የቀረው የኢንኮደሩ ገመድ ነው። ሁለቱን ጫፍ ነቅለው አንድ በአንድ ሽቦ በቴስተር ድምፅ ይፈትሹ ጀመር፤ ልጁ ደግሞ ጠረጴዛውን በእጅ ያንቀሳቅሳል። ሁሉም ይጮኻል። አንደኛው ሽቦ ግን ጠረጴዛው ወደ ግራ ጫፍ ሲጠጋ ዝም አለ። ወደ ቀኝ ሲመለስ ጮኸ። እንደገና ግራ፤ ዝም። ገመዱ ከጠረጴዛው ጋር በሚተጣጠፍ ሰንሰለት ውስጥ ለዓመታት ሲታጠፍ ኖሮ፣ መዳቡ በፕላስቲኩ ውስጥ ተበጥሷል። ከውጭ ሲታይ ምንም የለበትም። ምሳ ሳይደርስ ሌላ ሽልድ ያለው ገመድ ተዘረጋ፣ ማሽኑም ተነሳ።

አሁን ወደ ጠቤ ልግባ። እኔ ይህን ሉፕ በሒሳብ አውቀዋለሁ። ላፕላስ፣ ናይኩዊስት፣ ፒአይዲ፤ ፈተና ተፈትኜበት ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ግን በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን የተበላሸ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይህ ለምን አይሠራም?» ያለኝ የለም። ላብ ስንገባ ዕቃው ይሠራል፣ መልሱም የታወቀ ነው፣ ሪፖርቱ ደግሞ ከሲኒየሮች የወረሰ ነው፤ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የተመረቅነው የሚሠራ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለመግለጽ ነው። ሲበላሽ ያለን ቃል «ተቃጥሏል» ብቻ ነው። «ልጆቹ ልምምድ ይጎድላቸዋል» ተብሎ በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም ይሄ። ሳይለኩ መፍረድን እንደ ዕውቀት እንድንቆጥር ተደርገናል፤ ለዚያውም ጋውን ለብሰን።

ሶፍትዌር የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ዞር እንዳትሉ። እኛም ሰርቨር ሲንገዳገድ ሪስታርት አድርገን «ተስተካክሏል» እንላለን፤ ያ የቃሊቲው አጥፍቶ ማብራት ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ ስህተትን እያጋመሱ መፈለግ የኛ ሙያ መሆኑ ነው። ጊት ባይሴክት ለምን ተሠራ? ማሽኑም ያንኑ ነው የሚፈልገው። ሁለት ተመሳሳይ ድራይቭ ካለ፣ የሁለቱን አክሲስ ገመዶች ማለዋወጥ ይቻላል፤ ችግሩ ቦታ ከቀየረ ጥፋተኛው ድራይቩ ነው፣ ከሞተሩ ጋር ከቀረ ደግሞ ከገመዱ ወዲያ ነው። ግን የኃይሉና የኢንኮደሩ ገመድ አብረው ነው የሚለዋወጡት፤ አንዱን ብቻ ካዛወራችሁ አለቃው የአንዱን ሠራተኛ ሪፖርት እየሰማ ሌላውን ያዛል፣ ጠረጴዛውም አብዶ ይሮጣል።

«የሞቱ» የሚባሉ ማሽኖች ነገር ሲነሳ ባትሪውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ብዙዎቹ አሮጌ ኮንትሮለሮች ፓራሜትራቸውን የሚይዙት በትንሽ ባትሪ በሚጠበቅ ሚሞሪ ነው። ባትሪው ሲደክም ማሽኑ ያስጠነቅቃል፤ አንድ ጎበዝ ደግሞ ለደኅንነት ብሎ መብራቱን አጥፍቶ ባትሪውን ይነቅላል። ያኔ ማሽኑ አክሲሱ ስንት እንደሆነ እንኳ ይረሳል። በብዙዎቹ ላይ ባትሪ የሚቀየረው ማሽኑ በርቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ፓራሜትሮቹ ተገልብጠው ይቀመጣሉ። ባክአፕ በሉት። ይህን ባለማድረግ ቶን የሚመዝን ደህና ብረት ለቆራሌው ይሰጣል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ። ለእኔ ለተሳሳተው ምርመራ «የኢንጂነር» ተብሎ ፖስታ ተሰጥቶኝ ነበር። ሽማግሌው ለትክክለኛው የትራንስፖርት ነው የተሰጣቸው። «ምን ቀየሩ? ሽቦ እኮ ነው» ተባለ። ፖስታውን ይዤላቸው ሄድኩ፤ ግማሹን ተቀብለው ግማሹን ለልጆቹ ስጥ አሉኝ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዕቃ ሲቀየር እንጂ ችግር ሲገኝ መክፈል አልለመዱም። ሲያምነን የኖረ ገበያ ነው፦ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ የመጣ ባለሙያ ነው፣ ጠይቆ የሄደ ደግሞ ወሬኛ። እንዲህ እየከፈልን ፓርት ቀያሪ ብቻ ቢበዛ ምን ይገርማል?

«አንተ ደግሞ አሮጌ ብረት ታመልካለህ» የሚለኝ አይጠፋም። አላመልክም። ቦል ስክሩ ተበልቶ ልኩን መያዝ ያቃተው ማሽን አለ፣ መለዋወጫው ጨርሶ የማይገኝ አለ፣ ሠራተኛ የሚጎዳም አለ። እነዚህ ይሸጡ። ግን ጨዋታው ምን ያህል እንደሆነ በዳያል ጌጅ የለካ፣ ኢንሱሌሽኑን ያየ፣ ልጁን «የት ላይ ነው የሚቆመው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ይንገረኝ። እሱ «ይሸጥ» ካለ ጭነት መኪናውን እኔ እጠራለሁ።