የምስጋና ድምፅ የብቃት ማስረጃ ይሆናል?

በኦንላይን ጨዋታ ተጫዋች ለተጫዋች የሚሰጠው ክብር የጥሩ ጨዋታ ምስክር ነው የሚሉ አሉ። የሕግ ሰው ነኝና “ምስክር” የሚለው ቃል እንዲሁ አያልፈኝም። ምስክሩ ምን አየ? የት ቆሞ አየ?

የጃፓኑ ስኩዌር ኤኒክስ “ፋይናል ፋንታሲ 14” በተባለው ጨዋታው ይህን አሠራር የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ነው። ለምሳሌ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዘመቻ አብረው ሲጨርሱ፣ እያንዳንዱ ከሌሎቹ ለአንዱ ብቻ የምስጋና ድምፅ መስጠት ይችላል። አብሮ የመጣ ጓደኛን መምረጥ አይፈቀድም፤ ተቀባዩም ማን እንደመረጠው አይነገረውም። እስከዚህ ድረስ ያለውን አደንቃለሁ። የዝምድናን በር የዘጋ፣ ምስጢር የጠበቀ ምርጫ ነው፤ ይህን ያህል ያልተሟላለት የዕድር ምርጫ ስንት አለ!

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ከአራቱ አንዱ “ታንክ” ተብሎ እንደ ጋሻ ፊት ይቆማል፣ አንዱ ያክማል፣ ሁለቱ ጠላትን ይመታሉ። ጋሻው ሲወድቅ ሁሉም ያያል፤ ሐኪሙ ሲዘገይ ሁሉም ይሞታል። ከመቺዎቹ አንዱ ድንቅ ቢሠራ ግን ውጊያው ትንሽ ቀደም ብሎ ያልቃል፣ በቃ። ጨዋታው ማን ምን ያህል እንደመታ ቆጥሮ አያሳይም፤ በውጭ ፕሮግራም መቁጠርም በኩባንያው ደንብ ክልክል ነው። በዚያ ላይ መቺዎቹ ሁለት በመሆናቸው ድምፅ ይሻማሉ። ተጫዋቾቹም ይህን ስለሚያውቁ “ምስጋና ከፈለግህ ጋሻ ወይም ሐኪም ሁን” ይባባላሉ። የቀረው ድምፅ ሰላምታው ለጣፈጠ፣ አለባበሱ ላማረ፣ ወይም ለአዲስ ገቢ ማበረታቻ ይሄዳል።

ለጨዋነት ቢሰጥ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 “ሜንተር” የሚል የአማካሪነት ማዕረግ ሲያወጣ፣ ለውጊያው ዘርፍ ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱን 1,500 ምስጋና ማድረጉ ነው። ቁጥሩ ይደመራል እንጂ አይካፈልም። በጥቂት ዘመቻ የሰበሰበውም፣ ዓመታት ሙሉ ሲጫወት የተጠራቀመለትም እኩል ናቸው። የሚቀነስ ድምፅ የለም፤ የተማረሩ ጓዶች ዝም ብለው ይወጣሉ፣ ዝምታቸውም የትም አይመዘገብም። በፍርድ ቤት ቢሆን የከሳሽን ምስክር ብቻ ሰምቶ እንደመፍረድ ነው።

ማዕረጉን ይዞ ለአማካሪዎች በተለየው ምድብ 2,000 ዘመቻ ለጨረሰ ደግሞ የሚጋለብ እንስሳ ይሸለማል። እናም ለማስተማር ሳይሆን ለግልቢያው የሚሰለፍ አልጠፋም። ከስሙ አጠገብ የሚታየው ዘውድም በተጫዋቾች ዘንድ መቀለጃ ሆኗል።

እኔ ብጠየቅ ምስጋናውን ለዘመቻው ብዛት አካፍዬ፣ ጋሻን ከጋሻ፣ መቺን ከመቺ ጋር አነጻጽራለሁ። ለአማካሪነት ሲሆን ግን የምቆጥረው የአዲስ ገቢዎቹን ድምፅ ብቻ ነው፤ የተማሩት እነሱ ናቸውና።