የጤና ዓምድ፦ የታከማችሁበትን ወረቀት አትጣሉ

ባለፉት ሳምንታት ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ ክትባት አንብበናል። ዛሬ ደግሞ በልጅነታቸው ካንሰር ይዟቸው ስለ ዳኑ ሰዎች እናነባለን።

ካንሰርን ብዙ ሰው ነቀርሳ ይለዋል። ነገር ግን በትንፋሽ ከሚተላለፈው ከሳንባ ነቀርሳ የተለየ ነው። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይያዝም። እርግማንም አይደለም።

ካንሰር ሕፃናትንም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በየዓመቱ 400,000 ያህል ሕፃናትና ወጣቶች ይያዛሉ። በሀብታም አገሮች ከ100 ልጆች ከ80 በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 ያንሳሉ። ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ በ2030 እ.ኤ.አ. ከ100 ልጆች ቢያንስ 60 እንዲድኑ ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ፣ በጅማና በጎንደር ሆስፒታሎች ልጆች ይታከማሉ። ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ልጁን ታቅፎ በዚህ መንገድ የተመላለሰ ወላጅ ድካሙን ያውቀዋል።

ታዲያ ልጁ ድኖ ካደገ ሌላ ምን ቀረ? በጣቢያችን የሚማሩ አንዲት እናት ይህንኑ ጠየቁ። «የዳነ በሽታ ደግሞ ምን ይፈልጋል፣ ልጄ?» አሉ። መልሱን ከስንዴ ማሳችን እናገኘዋለን።

ፀረ አረም አረሙን ይገድላል፤ ስንዴው ይተርፋል። ነፋስ ከወሰደው ግን አጠገብ ያለውን ባቄላ ያጠወልጋል። የካንሰር መድኃኒትም እንዲሁ ነው። በሽታውን ሲያጠፋ ጤነኛውን አካል ሊነካ ይችላል። መድኃኒቱ ባይሰጥ ልጁ ይሞት ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱን አንወቅሰውም። የነካውን ቦታ ግን ማወቅ አለብን።

ልብ፦ ዶክሶሩቢሲን የሚባል ቀይ መድኃኒት አለ። በደም ሥር ይሰጣል። ብዙ ከተሰጠ የልብን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል። ድካሙ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፤ እግር ያብጣል፤ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮ ያስነሳል። «የደጋው ብርድ ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ኩላሊት፦ በካንሰር ምክንያት አንድ ኩላሊቱ የወጣለት ሰው በቀረው አንዱ ይኖራል፤ ይሠራልም። ግን የደም ግፊቱንና ሽንቱን በየዓመቱ ያስመርምር። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሐኪም ሳይጠይቅ አይዋጥ።

ዓይን፦ አንድ ዓይኑ የወጣለት ሰው የቀረውን ዓይን በአውድማ ላይ ከገለባ ይጠብቅ። የሕፃናት የዓይን ካንሰር አንዳንድ ጊዜ በዘር ይሄዳል። ይህ ሰው ልጅ ሲወልድ የሕፃኑን ዓይን ቶሎ ለሐኪም ያሳይ።

አንገት፦ አንገቱ ላይ ጨረር የተሰጠው ሰው የእንቅርት ዕጢው ሊዳከም ይችላል። ሰውየው ይደክመዋል፤ ብርድ ይበዛበታል። ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በክኒንም ይታከማል።

ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ።

አንድ ክፉ ልማድ ግን አለ። ልጅቷ ለትዳር ስትደርስ «ሰው እንዳይሰማ» ተብሎ በሽታው ይደበቃል። የሕክምናው ወረቀትም ይቃጠላል። ልጅቷ አግብታ ታረግዛለች። በእርግዝና ጊዜ የልብ ሥራ ይበዛል። መድኃኒቱ የነካው ልብ ያን ጊዜ ሊደክም ይችላል። አዋላጇ ግን ምንም አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ አስቀድማ ወደ ሆስፒታል ትልካት ነበር። ለማፈር ሲባል ሕይወት ይጠፋል።

የሚያሳፍር ነገር ደግሞ የለም። ከካንሰር የዳኑ ብዙ ሴቶችና ወንዶች ጤነኛ ልጅ ወልደዋል። አብዛኛው የሕፃናት ካንሰር በዘር አይሄድም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሆስፒታል ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «ንገረኝ፤ እኔ እጽፋለሁ» በሉት። በደብተራችሁ ላይ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ እነዚህን ጻፉ፦

1. የበሽታው ስም
2. የመድኃኒቱ ስም፣ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ካለም እሱን
3. ዓመተ ምሕረቱ
4. የሆስፒታሉ ስምና የካርድ ቁጥሩ

ይህንን ከሆስፒታሉ ወረቀት ጋር በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመሬት ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡት። ወረቀቱ ከጠፋ የታከማችሁበትን ሆስፒታል ጠይቁ። ልጁ ሲያድግ በምን እንደ ዳነ ንገሩት፤ ወረቀቱንም ለራሱ ስጡት። እሱም ባይታመምም በዓመት አንድ ጊዜ ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጤና ጣቢያው ሲልከው ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ ሆስፒታል ይሂድ። ሲጋራም አያጭስ።

ድሮ ወረቀቱን ሌላ ሰው ያነብላችሁ ነበር፤ ምስጢራችሁም የሰው ነበር። አሁን ጽፋችሁ የምታስቀምጡት፣ አንብባችሁም ለሐኪም የምትነግሩት እናንተው ናችሁ።

ለውይይት
1. ካንሰር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?
2. አዋላጅ የእናቲቱን የልጅነት በሽታ ማወቅ ለምን ያስፈልጋታል?
3. በደብተራችን የምንጽፋቸው አራት ነገሮች ምንድን ናቸው?

የሳምንት ሰው ይበለን።