ፍርሃት ይነቀል ወይስ ይታከም?



ከዛሬ ጀምሮ ምንም ነገር እንዳያስፈራችሁ የሚያደርግ ክኒን ቢሰጧችሁ ትውጡት ነበር? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ተመራማሪዎች ፍርሃት በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እያወቁ ሄደዋል፤ ስሜትን በመድኃኒት፣ በኤሌክትሪክና በቀዶ ሕክምና ለመለወጥም ብዙ ሞክረዋል። በደጎሎ፣ በመካነ ሰላምና በከላላ ያለን ወጣቶች ጉዳዩ ሩቅ መስሎን ልናልፈው አይገባም።

በአንጎላችን ውስጥ በግራም በቀኝም አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። አደጋ ሲመጣ ልባችን እንዲመታ፣ እግራችን እንዲሸሽ ከሚያደርጉት ዋነኛዋ እሷ ናት። በአሜሪካ ‹ኤስ ኤም› በሚል ምልክት ብቻ የምትታወቅ ሴት በብርቅ በሽታ ሁለቱንም አጣች። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት እባብ ቢያሳዩዋት አንስታ ደባበሰችው። ታድላ! ትሉ ይሆናል። ግን ቀደም ብሎ አንድ ሰው መናፈሻ ውስጥ ቢላ አንገቷ ላይ አድርጎ ዝቶባት ነበር፤ በማግስቱ ያለ ምንም ስጋት በዚያው በኩል አለፈች። ፍርሃት ያጣ ሰው ጠባቂውን ያጣ ሰው ነው። ይህችው ሴት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ሌላ ጥናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ስትስብ ከባድ ድንጋጤ ያዛት። ፍርሃት እንደ አምፖል በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚጠፋ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ በአንጎል የፊት ክፍል ያሉ ነርቮችን በመቁረጥ የአእምሮ ሕመምን ለማከም ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1949 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በዚህ ቀዶ ሕክምና ካለፉት ብዙዎች ግን ከጭንቀታቸው ጋር ደስታቸውና ተነሳሽነታቸውም ደነዘዘ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ የለም። ፍርሃትን እናጠፋለን የሚሉ ነጋዴዎች ግን ሞልተዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎል ዶፓሚን እንዲለቅ ያደርጋል። በምርቃና ሰዓት ፈተናው ቀላል፣ ዕዳው ትንሽ፣ ባሕሩ ጠባብ ይመስላል፤ ምርቃናው ሲወርድ ሁሉም እንደነበረ አለ፤ ድብርት ብቻ ተጨምሮበታል። ለሕመም ማስታገሻ የተሠራውን ትራማዶል ያለ ሐኪም የሚውጠውም የሚሸሸው ያንኑ ፍርሃት ነው።

ደላላው ደግሞ ክኒን እንኳ አያስፈልገውም፤ ምላሱ ይበቃዋል። ‹እገሌ ገብቶ ቤት ሠራ› እያለ የወሎን ወጣት በጅቡቲ፣ በኦቦክና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ይልከዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ከጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ብዙ ወገኖቻችን አልቀዋል። ከዚያ በፊት በነሐሴ 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል። ጀልባው ሲታየው የተንቀጠቀጠ ወጣት ፈሪ ነው? አይደለም፤ አላህ የሰጠው ማስጠንቀቂያ እየሠራለት ነው። ያን ማስጠንቀቂያ የሚያጠፋባችሁ ሰው ከመጥፋቱ ምን እንደሚያተርፍ ጠይቁ።

ታዲያ ዲናችን ምን ያስተምረናል? በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 155 ፍርሃት አላህ ባሮቹን ከሚፈትንባቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የድግምተኞቹን ገመድ ባዩ ጊዜ ፍርሃት እንደተሰማቸው ሱረቱ ጣሃ ይነግረናል፤ አልተወቀሱበትም፣ ተጽናኑ እንጂ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከጭንቀት፣ ከሐዘንና ከጁብን በአላህ ይጠበቁ ነበር። ጁብን ቦቅቧቃነት ነው፤ ሐቅን ትቶ መሸሽ። ጀግና የሚባለው እየፈራም ከሐቅ የማይሸሽ ነው።

ይህ ማለት ግን ፍርሃት አይታመምም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ፣ ክልላችን ውስጥም ተኩሱ ባለመቆሙ፣ በር ሲንኳኳ የሚበረግግ፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው ስንት ሰው አለ! አደጋው ካለፈ በኋላ የማይበርድ ፍርሃት ሕመም ነው፤ የኢማን ማነስ አይደለም። ከ1,000 ዓመት በፊት የኖሩት ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የአካልንና የነፍስን ጤና በአንድ መጽሐፍ ሲያስተምሩ ለፍርሃት፣ ለቁጣ፣ ለሐዘንና ለውስዋስ ለየብቻ ምዕራፍ ሰጥተዋል።

ዛሬም ሐኪሞች ታካሚው የሚፈራውን ነገር ቀስ በቀስ እንዲለምደው በማድረግ ያክማሉ። ሕክምናው የድሮውን ትዝታ አይሰርዘውም፤ ‹አሁን ሰላም ነው› የሚል አዲስ ትምህርት ከጎኑ ያስቀምጣል። መድኃኒት ካስፈለገም በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል። በአቅራቢያችን ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሮ እስከ ደሴ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ ነውር አይደለም። ሩቅያ የሚያስቀራ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄዱን አይተው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

በእኔ እምነት መለኪያው ይህ ነው፦ የታመመውን ፍርሃት አክሞ ሰውን ወደ ሥራው፣ ወደ ሶላቱና ወደ ቤተሰቡ የሚመልስ ዕውቀት ራሕመት ነው። ጤነኛውን ፍርሃት ነቅሎ ሰውን ለነጋዴ፣ ለደላላና ለጦርነት የሚያመቻች ግን ክኒንም ይሁን ሽቦ፣ ጫትም ይሁን ምላስ፣ አማናችንን የሚሰርቅ ነው።

አላህ ልባችንን ያርጋልን፤ ከሚጎዳን ነገር የሚያስጠነቅቀንን ፍርሃት ያቆይልን፤ የተጨነቁትን ሁሉ ያሽርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።