ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ

ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ፣ ከሞያሌ እስከ ዶሎ አዶ ባለው ቆላ ብዙ ነገር የሚያዘው በቃል ነው። ነጋዴው ዱቤውን፣ እረኛው የከብቱን ዘር ከነቀለሙ፣ ደላላው የሻጭና የገዢን ስም ከነቀበሌው በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል። ቱላ በሚባሉት የውኃ ጉድጓዶች የመንጋውን ተራ የሚያስከብረው «አባ ሄሬጋ» የሚባለው ሰው ነው። በበጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ ሲጠጣ ዛሬ የማን፣ ነገ የማን ተራ እንደሆነ ከእሱ አፍ ይሰማል። አያንቱ የሚባሉት የቀን ቆጣሪዎችም ጨረቃንና ከዋክብትን እያዩ 27 የቀን ስሞችንና 12 ወራትን ያለ ጽሑፍ ሲቆጥሩ ኖረዋል። እንዲህ ባለ አገር የረሳ ሰው የሚያጣው ትዝታውን ብቻ አይደለም፤ ታማኝነቱም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። «ረሳሁ» ሲል «ካደ» ይባላል።

ይህን ያነሳሁት በቂ ትኩረት ያልሰጠነው ነገር ስላለ ነው። የቫይረስ ሕመም ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም የሰውን የማስታወስ፣ የማተኮርና የማሰብ አቅም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያዳክም ይችላል። ሐኪሞች ይህን ያውቁታል። በመንደራችን ግን ዛሬም የምንጠራው በሌላ ስም ነው፦ እርጅና፣ የሰው ዓይን፣ ስንፍና፣ ክህደት።

በሰፈራችን ሁሉም «አዴ» እያለ የሚጠራቸው ወተት ነጋዴ አሉ። ከገጠር የሚመጡ ሴቶች ወተታቸውን በጮጮና በጀሪካን ያስረክቧቸዋል፤ ሒሳቡ የሚዘጋው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። እስከዚያው ማን ስንት ሊትር አመጣች፣ ማን በስኳር፣ ማን በሻይ ቅጠል ምን ያህል ቀድማ ወሰደች የሚለው ሁሉ በአዴ ልብ ይቀመጥ ነበር። በኮሮና ጊዜ ታመው ተነሡ። ትኩሳቱና ሳሉ ለቀቃቸው፤ ማሽተት ግን ቆየባቸው። «ልጄ፣ ወተቱ አይሸተኝም። መኮምጠጡን የማውቀው በምላሴ ቀምሼ ነው» ይሉኝ ነበር። ቀጥሎ ሒሳቡ ተምታታባቸው። «ፊቷን አውቀዋለሁ፣ የአባቷን ስም አውቃለሁ፤ ስንት ሊትር እንዳመጣች ግን ልናገር ስል ከአፌ ይጠፋብኛል።» አንዷ ደንበኛቸው በሰው ፊት «በላችኝ» ብላ ጮኸችባቸው። ለዓመታት አንድ ሳንቲም ጎደለ ተብለው ለማያውቁ ሴት ይህ ከሕመሙ የበለጠ ሕመም ነበር። ልጃቸው በደብተር ላይ ስምና ሊትር መመዝገብ ከጀመረች በኋላ ነው ነገሩ የበረደው። እሳቸውም እየዋለ እያደረ ተሻላቸው፤ ደብተሩ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

አዴ ላይ ማሽተትና ማስታወስ አንድ ላይ መታወካቸው እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የብሪታንያ ጥናት 785 ሰዎችን ተከታትሏል። አንጎላቸው ሁለት ጊዜ ፎቶ ተነሥቷል፤ 401ዱ በሁለቱ ምርመራዎች መካከል ኮሮና ይዟቸው ነበር። በተያዙት ላይ ከማሽተትና ከማስታወስ ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ካልተያዙት ይልቅ በመጠኑ ሳስተው ተገኙ። አብዛኞቹ ሆስፒታል ያልተኙ፣ ቤታቸው ታመው የተነሡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ 113,000 ያህል ሰዎች የተካፈሉበት የእንግሊዝ ጥናት ውጤቱን በአይኪው ልክ አስቀመጠው። ከኮሮና አገግመው ምልክቱ የጠፋላቸው ሰዎች ጭርሱን ካልተያዙት በ3 ነጥብ ያህል ዝቅ ብለው ተገኙ። ምልክቱ ያልለቀቃቸው በ6፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው የነበሩት ደግሞ በ9 ነጥብ ያህል ዝቅ አሉ። ሦስት ነጥብ ለአንድ ሰው ትንሽ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ በቃል ለሚነግድ ሰው ግን የቀረና የተከፈለ ሒሳብን የሚያምታታ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ይህ ጉዳት እንዲደርስ ቫይረሱ ራሱ የግድ አንጎል ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች ሕመሙ ካለፈ በኋላም ሳይረግቡ ሊቆዩ ይችላሉ። ያኔ በአንጎል ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይቆጣሉ፤ አዲስ ትዝታ የሚመዘገብበት ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍልም ሥራው ይታወካል። ጥቃቅን የደም ሥሮችም ሊጎዱ ይችላሉ። በጽኑ የታመመ ሰው ላይ የኦክስጅን እጥረት ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለዚህ ከኮሮና በኋላ ለሚቆይ ሕመም ትርጉም ሲሰጥ ድካምን፣ የትንፋሽ ማጠርንና የማሰብ መታወክን በግንባር ቀደምነት ጠቅሷል። ከሕመሙ መጀመሪያ በሦስት ወር ገደማ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ችግር ነው ብሎታል።

አገራችን የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያገኘችው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በምርመራ የተረጋገጡት ግማሽ ሚሊዮን ያህል፣ የሞቱት ደግሞ ከ7,500 በላይ ናቸው። ቁጥሩ የተያዘና የሞተ ብሎ ይለያል፤ ድኖ አእምሮው የደከመበትን ለይቶ አይቆጥርም። ከመቶ ዓመት በፊት በ1911 ዓ.ም. ስለመጣው፣ የኅዳር በሽታ ስለተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝም የምንተርከው ስለ ሟቾቹ ነው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው መዳናቸውን እንናገራለን፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እናቃጥላለን። ከዚያ በሽታ ተርፈው እንደ ቀድሞው መሥራት ያቃታቸውን ግን አናነሳም።

በቆላው ነገሩን የሚያከብደው ትኩሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ስም ማግኘቱ ነው። ሰው ሲያተኩሰው ወይ ወባ ነው፣ ወይ ታይፎይድ ነው ይባላል፤ ካልሆነም ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። መድኃኒት ይዋጣል፤ ትኩሳቱም በራሱ ጊዜ ይወርዳል። የትኩሳቱ ምንጭ ሳይታወቅ ከቀረ ከወር በኋላ የሚመጣውን መርሳት ከእሱ ጋር የሚያያይዝ የለም። እዚህ አካባቢ ደግሞ ቫይረሱ ኮሮና ብቻ አይደለም። በጎዴ እ.ኤ.አ. በ2014 ዴንጊ፣ በዶሎ አዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ቺኩንጉንያ ተከስተዋል። ከዴንጊ የተነሣ ሰው ለሳምንታት የሚጎትት ድካም ሊኖርበት ይችላል። ቺኩንጉንያ በዋነኛነት የሚታወቀው በመገጣጠሚያ ሕመም ቢሆንም አልፎ አልፎ፣ በተለይም ሕፃናትንና አረጋውያንን፣ አንጎል ድረስ ይጎዳል። ኤች አይ ቪም ሰውነት ውስጥ በገባ በሳምንታት አንጎል ይደርሳል። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠቱ ነፍስን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም አትርፏል።

ከሁሉም ልብ የሚሰብረው ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ ከያዛቸው 1,000 ሕፃናት የአንዱ ያህል አንጎል ይቆጣል፤ ከዳኑትም አንዳንዶቹ የመማር ችግር ይዘው ይቀራሉ። ከዚህም የከፋ፣ እጅግ ጥቂቶችን የሚያገኝ መዘዝ አለ። ቫይረሱ አንጎል ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት በኋላ ይነሣል። መጀመሪያ ልጁ ትምህርቱን ይረሳል፣ ጠባዩ ይለወጣል፤ መምህሩ ሰነፈ ይላል፣ ወላጅ ይቆጣል። በኋላ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ፈውስም የለውም። መከላከያው ግን አለ፦ በ9 እና በ15 ወር የሚሰጡ ሁለት ክትባቶች። ከብት ተከትሎ የሚሄድ ቤተሰብ ሁለተኛው ሊያመልጠው ስለሚችል ክትባቱ መንጋው ወዳለበት ሊሄድ ይገባል።

መርሳት ሁሉ የቫይረስ መዘዝ አይደለም። ድርቁ ከብቱን የጨረሰበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የተራበ ሰው ይረሳል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ስኳር፣ ግፊትና ድብርትም ያስረሳሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ መድኃኒት አላቸው። ለዚህም ነው «ረሳሁ» ያለ ሰው ከመወቀሱ በፊት መመርመር ያለበት። መርሳቱ በድንገት ከመጣ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለው ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

የጤና ባለሥልጣናትን የምጠይቀው ሆስፒታል እንዲሠሩ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ከትኩሳት የተነሣውን ሰው ከአንድ ወርና ከሦስት ወር በኋላ ሦስት ነገር ትጠይቀው፦ ሥራህን እንደ ቀድሞው ትሠራለህ? የጀመርከውን ወሬ ትጨርሳለህ? ቤተሰብህ የታዘበብህ ለውጥ አለ? ጥያቄው በኦሮምኛም በሶማሊኛም ቀላል ነው። መልሱ ካሳሰባት ወደ ጤና ጣቢያ ትላከው።

ከባለሥልጣን የማይጠበቀው ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው። የዴንጊ ትንኝ የምትነድፈው በቀን ነው፤ የምትፈለፈለውም በረጋ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ በርሜሉንና ጀሪካኑን እንክደን፤ በየሳምንቱም አጥበን እንገልብጠው። ከሕመም የተነሣውን ሰው በአንድ ጊዜ ሙሉ ሥራ አንጫንበት። አቅሙ እስኪመለስ ቀስ እያለ ይሥራ፤ ይተኛ፤ ሒሳቡን አብረነው እንጻፍለት። ብዙዎች በጊዜ ይሻላቸዋል። እስኪሻላቸው ድረስ ግን ስማቸውን መጠበቅ የጎረቤትና የደንበኛ ሥራ ነው። ሒሳብ የጠፋበትን ሰው «በላኝ» ከማለታችን በፊት «በቅርቡ ታመህ ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቀው።